ጦር ከመውጣቱ በፊት ዳኛ ይቁም

የጦር ሠራዊት ወደ አንድ አገር ሲገባ ሥራው በዐይን ይታያል፤ ድልድዩ ይጠበቃል፣ ኬላው ይቆማል፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። ሲወጣ ግን የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። በለቀቀው ስፍራ የሚሆነው ነገር እርሱ ከሄደ በኋላ ስለሚፈጸም፣ መውጣቱን ያዘዘው ሹም አያየውም፤ የሚያየው በዚያው የቀረው ባላገር ነው። ስለዚህ ከመግባት ይልቅ መውጣት ብዙ ምክርና ብዙ ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ መሆኑን፣ ሹማምንትም ካህናትም አጥብቀው ሊያስቡት የተገባ ነው።

ይህ ነገር ለጉራጌ አገር ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወርደው መንገድ በወልቂጤ ያልፋል፤ ወደ ሆሳዕና የሚወርደው ደግሞ በቡታጅራ። ወልቂጤና ቡታጅራ ዛሬ የቆሙበት አገር የወራሪ ጦር ሲገባም ሲወጣም ያየ አገር ነው። ራስ ደስታ ዳምጠው ከሲዳሞ ጀምሮ ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አቅራቢያ ተይዘው የተገደሉት በዚሁ ምድር ላይ ነው። ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያምም በዚያው ወር ሕይወታቸውን ለአገራቸው ሰጡ። የአገሩ ሽማግሌዎች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ትዝታ ታዲያ ጦርነቱን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአንዱ ጦር መሄድና በሌላው መምጣት መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነም ያስታውሳል።

የዚህ ክፉ ጊዜ የመጀመሪያው ምሳሌ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታየው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከተማውን ለቀው ሲሄዱ፣ የኢጣልያ ጦር የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። በመካከል የነበሩት ቀኖች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። በእነዚያ ጥቂት ቀኖች ውስጥ ግን ከተማው ተዘረፈ፣ ሱቁ ተሰበረ፣ ቤቱ ተቃጠለ፣ ብዙ ሰው ሞተ። ያን ያደረገው ከውጭ የመጣ ጠላት አልነበረም፤ የራሱ የከተማው ሰው ነበር። ሰውየው በሦስት ቀን ውስጥ ጠባዩ ተለውጦ አይደለም፤ የሚፈራው ዳኛና የሚጠይቀው ዘበኛ ስለ ጠፋ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መንግሥት በሌለበት የሚጠፋውን ለማጥፋት ረጅም ዘመን አያስፈልግም፣ ሦስት ቀን ይበቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ ኢጣልያ ስትወጣ የሆነው ነው። በመጋቢት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ እንደራሴ አዲስ አበባን ለቆ ሲሄድ በከተማው የፖሊስ ዘበኛ ትቶ ነበር፤ መጋቢት 28 ቀን የእንግሊዝ ጦር ሲገባም ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ወራሪው እንኳ ወገኖቹ የሆኑ ብዙ ሰዎች በከተማው ስለ ነበሩ፣ ያለ ጠባቂ የሚያልፍ ሌሊት ምን እንደሚያመጣ አውቆ ነበር። በባላገሩ ግን እንዲህ ያለ ርክክብ አልነበረም። የጠላት ጦር በሐይቆቹ በኩል ከሻሸመኔና ከሶዶ ተገፍቶ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ወደ ግቤ አፈግፍጎ፣ በሰኔ ወር ጅማ እስኪያዝ ድረስ፣ በየመንገዱ ጠመንጃና ጥይት እየጣለ ሄደ። እነ ገረሱ ዱኪን የመሰሉ አርበኞች ጠላትን ሲያሳድዱ፣ የጠላት ባንዳ የነበረውም መሣሪያውን እንደ ያዘ በየጫካው ተበተነ። ወታደሩ ሄደ፣ ጠመንጃው ግን ቀረ። የጠመንጃው ባለቤት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሹም በየወረዳው እስኪተከል ድረስ፣ መንገደኛም ነጋዴም ሕይወቱን በእግዚአብሔር ላይ ጥሎ ይጓዝ ነበር።

ታዲያ አገሪቱ ከዚያ ሁኔታ በምን ወጣች? በጦር ብቻ አልወጣችም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል የኢትዮጵያ መንግሥት ሥልጣኑን ሲረከብ፣ ውሉ የገንዘብ እርዳታንም የያዘ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት 1,500,000 ፓውንድ፣ በሁለተኛው 1,000,000 ፓውንድ፣ ከዚያም በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ሕግ በየሹሙ አፍ የሚለዋወጥ መሆኑ ቀርቶ በጽሕፈት የሚታይ ሆነ። በነሐሴ ወር በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ደግሞ የጠቅላይ ግዛት ገዢዎችና በሥራቸው ያሉት ሹማምንት በደመወዝ እንዲያድሩና ግብር ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ ተደረገ። የጉራጌም አገር በኋላ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በጨቦና ጉራጌ እንዲሁም በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃዎች ተመድቦ፣ ሹምና ፍርድ ቤት ቆመለት። ሥርዓቱ ነቀፋ የሌለበት አልነበረም። ከጦርነቱ የተረፈ መሣሪያ በበዛበትና የሹማምንት አስተዳደር ባልጸናበት ጊዜ በትግራይ በ1935 ዓ.ም. ብርቱ ዐመፅ መነሣቱ ለዚህ ምስክር ነው። ሆኖም የተከናወነው ሁሉ የተከናወነው ወታደር በለቀቀው ቦታ ደመወዝ የሚቀበል ዳኛ በመቆሙ ነው።

ይህን ትምህርት በራስዋ ላይ ያየች ኢትዮጵያ፣ በኋለኛው ዘመን ጦርዋን ወደ ሌላ አገር ልካ በማውጣት ጊዜ ያው ፈተና ገጠማት። በታኅሣሥ ወር 1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ከሶማልያ የሽግግር መንግሥት ጋር ሆኖ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶችን ኅብረት አሸንፎ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ሞቃዲሾ ተያዘች። ድሉ ፈጣን ነበር። ከድሉ በኋላ የመጡት ሁለት ዓመታት ግን የከተማ ውጊያ፣ የፈንጂና የስደት ዓመታት ሆኑ። የሽግግሩ መንግሥት ወታደሮች ደመወዛቸው በጊዜው ስላልደረሰ ብዙዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ከዱ። የአፍሪካ ኅብረት ጦርም ከኡጋንዳና ከቡሩንዲ የመጡ ጥቂት ሺህ ወታደሮች ብቻ ስለ ነበሩት፣ ከሞቃዲሾ አውሮፕላን ማረፊያና ወደብ ከቤተ መንግሥቱም ዙሪያ አልፎ የሚሄድ አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. በጅቡቲ በተደረገው ስምምነት የኢትዮጵያ ጦር እንዲወጣ ተወሰነ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አብዱላሂ ዩሱፍ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በጥር ወርም ሠራዊቱ ወጣ።

የሆነው ነገር በቀን የሚቈጠር ነበር። የመጨረሻው ወታደር በወጣ ማግስት፣ ጥር 18 ቀን፣ የሽግግሩ ምክር ቤት መቀመጫ የነበረችው ባይደዋ በአልሸባብ እጅ ወደቀች። በዚያው ሳምንት በጅቡቲ ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። እኚህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የተወጋው የፍርድ ቤቶች ኅብረት መሪ የነበሩ ናቸው። ፕሬዚዳንት ተገኘ፣ የሚገዛው አገር ግን ከጥቂት የሞቃዲሾ ሰፈሮች አይበልጥም ነበር። ከዚያ በኋላ አብዛኛው የደቡብ ሶማልያ ምድር በአልሸባብ ሥር ቆየ። በ2003 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ የእርዳታ ድርጅቶች እንዳይገቡ በመከልከላቸው፣ ችጋሩ ወደ 260,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ በኋላ የተደረገው ጥናት ገምቷል፤ ከእነዚህ እኩሌታ የሚያህሉት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። የኢትዮጵያም ሠራዊት በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ወደ በለድወይን፣ በየካቲት ወር ደግሞ ወደዚያችው ወደ ባይደዋ ተመልሶ ለመዋጋት ግድ ሆነበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በጥር 2001 ዓ.ም. የተለቀቀው ከተማ ከሦስት ዓመት በኋላ በደም ተገዛ።

ነገሩ በአንድ ጊዜ አላበቃም። መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የባኮል ዋና ከተማ ከሆነችው ከሁዱር ሲወጣ፣ አልሸባብ በዚያኑ ዕለት ገባባት፤ የበቀሉን ብርታት የሚያውቀው ብዙ ሕዝብም ቤቱን ጥሎ ከጦሩ ኋላ ተከትሎ ወጣ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በሂራንና በባኮል ጥቂት ከተሞች በተለቀቁ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአልሸባብ ታጣቂዎች የኢትዮጵያን ድንበር አልፈው እስከ አፍዴር ድረስ ለመግባት ሞከሩ። ባዶ የተተወ ስፍራ ጦስ በዚያው በስፍራው እንደማይቀር፣ ወደ ለቀቀውም ሰው ደጅ እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ተጠርጎና ተስተካክሎ ባዶ የቆየውን ቤት በወንጌል ምን እንደ ገጠመው ካህናት ያውቁታል፤ የኋለኛው ከፊተኛው የከፋው ቤቱ ስላልተጠረገ አይደለም፣ ጠባቂ ስላልነበረበት ነው።

በሌላው ዓለም የታየውም ከዚህ የተለየ አይደለም። የሶቪየት ጦር ከአፍጋኒስታን በየካቲት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ተጠቃልሎ ሲወጣ፣ የፕሬዚዳንት ናጂቡላህ መንግሥት በጥቂት ወር ውስጥ ይወድቃል ያሉ ብዙዎች ነበሩ። መንግሥቱ ግን ከሦስት ዓመት በላይ ቆመ። የወደቀው በሚያዝያ 1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ገንዘብና ነዳጅ ከተቋረጠ በኋላ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ግን ካቡል የወደቀችው አሜሪካኖች ገና ሳይወጡ ነው፤ ከተማዋ ነሐሴ 9 ቀን ተያዘች፣ የመጨረሻው የአሜሪካ ወታደር የሄደው ነሐሴ 24 ቀን ነበር። በመዝገብ ላይ 300,000 ያህል ሰው አለው የተባለው የአፍጋኒስታን ሠራዊት፣ ብዙው በስም ብቻ ያለ፣ አውሮፕላኑን የሚጠግኑለት የውጭ ሠራተኞች የሄዱበት፣ በየምሽጉ ስንቅ ያልደረሰው ሆኖ ተገኘ። በኢራቅም አሜሪካኖች በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ከወጡ በኋላ፣ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በሰኔ 2006 ዓ.ም. ታላቂቱ ከተማ ሞሱል በጥቂት ቀን ውጊያ ወደቀች። በሁለቱ የአፍጋኒስታን መውጣቶች መካከል ያለውን ልዩነት የሚመረምር ሰው አንድ ነገር ያገኛል፤ መንግሥትን የሚጥለው የባዕድ ወታደር መሄዱ ብቻ አይደለም፣ የራሱ ወታደር ደመወዝና የራሱ ሕዝብ አመኔታ መጥፋቱ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ጦር ከገባበት አገር ከቶ አይውጣ የሚል ቢኖር፣ ግማሹን እውነት ብቻ ተናገረ። ባዕድ ጦር በቆየ ቍጥር የሚዋጋው ጠላት እየበዛ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. አልሸባብ ከፍርድ ቤቶች ኅብረት ጭፍራዎች አንዱ ብቻ ነበር፤ ሁለቱ የውጊያ ዓመታት ግን የአገር ተከላካይ ነኝ የሚልበትን ስም ሰጡት። የኢጣልያ አምስት ዓመትም ለኢትዮጵያ አርበኞችን አበዛ እንጂ ለኢጣልያ ተገዢ አላበዛም። ስለዚህ መቆየትም ዕዳ ነው፣ መውጣትም ዕዳ ነው። ጥያቄው ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለው አይደለም፤ በሚወጣበት ዕለት በስፍራው ማን ይቆማል የሚለው ነው።

የዚህ ጥያቄ መልስ አራት ነገሮችን የያዘ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ዳኛ ነው፤ ሰው ከወታደር ይልቅ ወደ ፍርድ ቤት መሄድን እስኪለምድ ድረስ ጸጥታው የተውሶ ነው። ሁለተኛው ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ የሌለው ዘበኛ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ጠመንጃውን ይሸጣል፣ ወይ በመንገደኛ ላይ ያዞረዋል። ሦስተኛው ከሚወጣው ጦር ጋር የሠሩትን ሰዎች መጠበቅ ነው፤ አስተርጓሚው፣ መንገድ መሪው፣ ሽማግሌው ለበቀል ከተተዉ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከመንግሥት ጋር ለመቆም የሚደፍር አይገኝም። አራተኛው መውጣቱ በየደረጃው መሆኑ ነው፤ አንዱ ወረዳ ሲጸና ሌላው ይለቀቃል። እንግሊዝ የኦጋዴንን አብዛኛ ክፍል በ1941 ዓ.ም.፣ የቀረውን ደግሞ በ1947 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ስትመልስ ጊዜው ከልክ ያለፈ ቢሆንም፣ ተረካቢው በስፍራው ሳይቆም አስረካቢው አልሄደም።

ይህ ሁሉ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ይመልሳል። በአገር ውስጥ ጸጥታ ለማስከበር የሚላክ የአገር ሠራዊት የወራሪ ጦር አይደለም፤ ሁለቱን ማመሳሰል ስሕተት ነው። ነገር ግን ወታደር ለረጅም ጊዜ በቆመበት ስፍራ ሁሉ የዳኛው ሥራ በወታደሩ እጅ እየወደቀ መሄዱ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ በጉራጌና በቀቤና ወገኖች መካከል ጠብ ተነሥቶ ሰው ሞተ፣ ንብረት ጠፋ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በቡታጅራ ዙሪያ በመስቃንና በማረቆ መካከል በቀበሌዎች ወሰንና አስተዳደር ምክንያት የተነሣው ግጭት ብዙ ሕይወት ቀጠፈ፣ ብዙ ቤተ ሰብም አፈናቀለ። የጸጥታ ኃይል ገባ፣ ተኩሱም በረደ፤ ግጭቱ ግን ከዚያ ወዲህም በየጊዜው አገረሸ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ፣ ማረቆም ልዩ ወረዳ ሆነዋል። አዲስ መዋቅር መልካም ነው፤ መዋቅር ግን ፍርድ አይደለም። ማኅተም የተቀረጸለት ጽሕፈት ቤት ሁሉ የበዳይንና የተበዳይን ነገር ቈርጧል ማለት አይቻልም።

በዚህ አገር ጸጥታ ሲታወክ የሚጠፋው ምን እንደ ሆነ ገበያው ይናገራል። የማረቆ በርበሬ በስሙ የታወቀ ነው፤ መንገድ ከተፈራ ግን ከአውድማው አይነሣም። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ከቤቱ የተፈናቀለ ገበሬ ቢመለስ እንኳ የተቈረጠበትን የእንሰት ጓሮ በአንድ ክረምት አይተካውም። ነጋዴው ወደ ቡታጅራ ገበያ የሚወጣው ወታደር በመንገድ ላይ በቆመበት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ወታደሩ በሄደ ማግስት ገበያው ይበተናል። ሰላሙ የነጋዴው የራሱ ሳይሆን ከወታደሩ የተበደረው ነበርና።

ስለዚህ ሠራዊቱ ወደ ሰፈሩ ከመመለሱ አስቀድሞ ሹማምንቱ ሊሠሩት የሚገባው ሥራ ተለይቶ የታወቀ ነው። የተከራከሩበት ወሰን በሕግ ይለቅ፤ እስከ ዛሬ ያልታየው የግድያና የቃጠሎ ነገር በፍርድ ቤት ይታይ፤ ፖሊሱ ከሁለቱም ወገን ይመረጥ፣ ደመወዙም አይጓደል፤ ተፈናቃዩ ወደ ማሳው ይመለስ፣ ጓሮው እስኪያፈራ ድረስም ይረዳ። ሽማግሌውም ይጠራ። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ፣ የክስታኔም ጎርደና ሴራ፣ ወታደርና ጽሕፈት ቤት ሳይኖር ደም ሲያደርቁና ካሣ ሲያስከፍሉ የኖሩ ሥርዓቶች ናቸው። የጎረቤት ሕዝቦችም እንዲሁ የየራሳቸው አሉዋቸው። ሽማግሌ ግን የሚጠራው ጦር ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከሆነ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። የሽምግልና ቃል የሚጸናው በጥበቃው ጊዜ ተጀምሮ ከጥበቃው በኋላ ሲቀጥል ነው።

ካህናቱና ሼኮቹም በዚህ ሥራ ድርሻቸው ታናሽ አይደለም። በጉራጌ አገር ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን የሚታዩበት ስፍራ ብዙ ነው። የሞተበትን የሚያጽናና፣ በቀል ያሰበውን የሚገሥጽ፣ የተደበቀ መሣሪያ ወደ መንግሥት እንዲገባ የሚመክር ቃል፣ ከሹም አፍ ይልቅ ከእነርሱ አፍ ሲወጣ ይሰማል። ለወገኑ ብቻ የሚያለቅስ የሃይማኖት አባት ግን የሽማግሌውን ሥራ ያፈርሰዋል፤ የሌላውንም ወገን ሬሳ አብሮ ሊቀብር ይገባዋል።

መንግሥትም ስለ ሶማልያ የሚመክረውን ምክር ከዚህ ለይቶ አያየው። የአፍሪካ ኅብረት የሽግግር ተልእኮ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አብቅቶ ሌላ ተልእኮ በቦታው ሲተካ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከተካፋዮቹ አንዱ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ቀን ግን መውጣቱ አይቀርም፤ ሊቀርም አይገባውም። ያ ቀን ሲመጣ የሚጠየቀው ስንት ወታደር በደኅና ተመለሰ ተብሎ ብቻ እንዳይሆን ነው። በሁዱርና በባይደዋ ገበያ ላይ የተበደለ ሰው ነገሩን ለማን ያሰማል፣ በዚያ የሚቆመውስ የሶማልያ ዘበኛ የወሩን ደመወዝ ከማን እጅ ይቀበላል ተብሎ ይጠየቅ። ለእነዚህ ለሁለቱ ጥያቄዎች ስሙ የታወቀ ሰውና የተቈረጠ ገንዘብ በመልስነት ካልተገኘ፣ መውጣት የተባለው ነገር ለመመለስ ቀጠሮ መስጠት ይሆናል። ቀጠሮውንም የሚከፍለው የፈረመው ሹም አይደለም፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚዘምተው የባላገር ልጅና መንደሩ ሁለተኛ ጊዜ የሚቃጠልበት ሰው ነው።